ልጄ በደንብ ስላልጮኸች ይቅርታ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልጄ ዊጋቲ በድንገተኛ ክፍልዎ ማንንም ሳታስቸግር ስለሞተች የእናት ይቅርታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም። ጤና ያጣ ሰው በእርስዎ በር ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ካወቅሁ ወዲህ ጤናን ለጠላቴም ቢሆን ከልቤ መመኘት ጀምሬያለሁ።

ስሜ ፓኒየም ነው። የምኖረው በጃቫ ደሴት ደቡብ ኮረብታዎች፣ ዋቱገዴ በምትባል መንደር ሲሆን ሥራዬ ካሳቫ ተክሎ፣ ልጦና አድርቆ መሸጥ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ የምጽፈው በዝግታ ነው፤ ይህች ደብዳቤ ሦስት የገበያ ቀን አልፎባታል። የሆስፒታልዎን ስም እዚህ አልጻፍኩም። የሰውን ቤት በስሙ ጠርቶ በአደባባይ ማሳፈር ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ ነው። እርስዎ ያውቁታል፤ ይህን በጋዜጣ የሚያነቡ ሰዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የየከተማቸውን ሆስፒታል ስም ቢያስገቡበት ብዙ የሚሳሳቱ አይመስለኝም።

ወሬው የደረሰኝ በየአምስት ቀኑ የሚቆመው የፓሂንግ ገበያ በዋለበት ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው። ከገበያ ተመልሼ የከተፍኩትን ካሳቫ መንገድ ዳር በምንጣፍ ላይ አሰጣ ነበር። የመንደራችን አለቃ ጋሽ ዋጊማን መጡና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ፤ አንዱን ቁራጭ አንሥተው አገላበጡት።

«የዊጋቲ እናት፣ ዘንድሮ ካሳቫሽ ነጭ ወጣልሽ» አሉኝ።

«ፀሐዩ በርትቶ ነው፣ ጋሼ። ሻይ ላፍላልዎ?»

«ተይ፣ አትልፊ።»

«አንድ ብርጭቆ እንኳ።»

«አሁን ጠጥቼ መምጣቴ ነው።»

«በሞቴ!»

«እንግዲህ ካልሽ፣ ትንሽ ብቻ።»

ውሃው እስኪፈላ በመስኮት ስመለከት ጎረምሶች የመንደሩን የፕላስቲክ ወንበሮች በጋሪ እየገፉ ወደ ግቢዬ ሲገቡ አየሁ። ከኋላቸው ሌሎች የድንኳን እንጨት ተሸክመው ነበር። ወጥቼ «ወንበሩ ለማን ነው?» አልኩ። ጎረምሶቹ ወንበሮቹን ማውረድ ቀጠሉ። ጋሽ ዋጊማን «ዊጋቲን ትንሽ አሟታል መሰለኝ፣ ከከተማ ደውለው ነበር» አሉኝ።

ትንሽ ለታመመ ሰው አርባ ወንበር አይወጣም። ሻዩን ቀድቼ አቀረብኩላቸው። እሳቸውም ይዘውት ቀሩ፤ እንባቸው ብርጭቆው ውስጥ ሲገባ አየሁ። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። የሰው ልብ በድንገት እንዳይሰበር ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ የቀረውን ወንበሩ ይናገራል።

ይህን ያነሣሁት የአገራችን ሰው ዋናውን ነገር ፊት ለፊት እንደማያወጣ ለማስታወስ ነው። እርስዎም የዚሁ የጃቫ ምድር ልጅ ስለሆኑ እናትዎ ይህን ሳያስተምሩዎ አልቀሩም።

ዊጋቲ አንድ ልጄ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ ለዘንባባ እርሻ ሥራ ባሕር ተሻግሮ በዚያው ስለቀረ በቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እሷም ከከተማዎ ልብስ ፋብሪካ ገብታ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት በዝናብ በራሰ አስፋልት ላይ ሞተሯ አንሸራተታትና ወደቀች፤ የሞተሩ መሪ ግራ ጎኗን መታት። ደም አልታየም። ተነሥታ ልብሷን አራገፈች፤ አንድ መንገደኛ ከኋላው አፈናጦ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ከበርዎ አደረሳት። የሞተችው ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። በመካከሉ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አለ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሆነውን የማውቀው ከሁለት ምንጭ ነው። አንደኛው እማማ ፖኒራህ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ የዚያን ቀን አስም ያለባቸውን ባላቸውን ይዘው ከልጄ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። በሰባተኛው ቀን ጸሎት ላይ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው፣ አንድ እጅ ሙዝ ይዘው እቤቴ ድረስ መጡ። «ለቅሶ ልደርስ ብቻ አይደለም፤ ያየሁትን ይዤ እንዳልሞት ነው» አሉኝ። ሁለተኛው ምንጭ ከእርስዎ የተላከልኝ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ነው። እዚያ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ታካሚዋ ስለ ሕመሟ በቂ ቅሬታ ባለማሰማቷ ለአፋጣኝ ርዳታ የሚያበቃ ደረጃ ሊሰጣት አልቻለም።» ይኸው ዓረፍተ ነገር በማኅደሯ ውስጥ እንደሚቀመጥም ተነግሮኛል። ልጄ ትታ የሄደችው ጽሑፍ ብዙ አይደለም፤ ስለ እሷ በመንግሥት ቤት የሚቀረው ግን ይህ ነው። እኔም ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ስጨርስ በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምስጋና ሳላቀርብ መቅረቴ ባለጌ ያስብለኛል የሚል ነው። ስለዚህ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ስድስቱ ፊቶች አመሰግናለሁ። እማማ ፖኒራህ እንደነገሩኝ በበሩ ላይ ያለችው ነርስ ስድስት ፊቶች የተሣሉበት ወረቀት ለልጄ አሳይታታለች። የመጀመሪያው ይስቃል፤ የመጨረሻው እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «የትኛውን ያህል ያምሻል?» ስትባል ዊጋቲ ሁለተኛውን ጠቆመች። አዎ፣ ፈገግ ያለውን። ክቡር ሆይ፣ በእኛ መንደር ስለ ራሱ ስድስተኛውን ፊት የሚጠቁም ሰው አላውቅም። እናቴ ለሦስት ዓመት በካንሰር ስትማቅቅ ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ዛሬስ ተሽሎኛል» ትል ነበር፤ ያንኑ ቃል ብላ ሞተች። ወረቀቱን የሣለው ሰው ከየት አገር እንደሆነ አላውቅም። እዚያ አገር ሰው ያመመውን ያህል ያለቅስ ይሆናል፤ ደስ ይላል።

ሁለተኛ፦ ስለ ጥያቄው አመሰግናለሁ። ነርሷ «ዶክተር አሁኑኑ ይይሽ ወይስ መጠበቅ ትችያለሽ?» ብላ ጠይቃታለች። ልጄም «ግዴለም፣ እጠብቃለሁ፤ እኚህ አባት ይቅደሙ» አለች። ነርሷ «እሺ» ብላ፣ መጠበቅ ለሚችል በሽተኛ የሚታሰረውን አረንጓዴ ማሰሪያ በእጇ ላይ አሰረችላት።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም አለብኝ። ዊጋቲ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ከጎረቤት ቤት ይዣት ሄጄ፣ የቤቱ እመቤት የተጠበሰ ሙዝ ስታቀርብላት እጇን ላከች። እቤት ስንገባ ቆነጠጥኳት። «መጀመሪያ ሲሉሽ አይ በይ። ሁለተኛ ሲሉሽም አይ በይ። ሦስተኛ በሞቴ ሲሉሽ ትንሽ ትወስጃለሽ» አልኳት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቆነጠጥኳት፤ ከዚያ ወዲያ ማስታወስ አላስፈለገም። ሁላችንም ያደግነው እንዲህ ነው። እንግዳ ሁለት ጊዜ እንቢ ይላል፤ ባለቤት ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ጠይቆ ሳህኑን ቢያነሣ እንግዳው በረሃብ ይሞታል እንጂ አፉን አያወጣም።

ልጄ የመጀመሪያውን «ግዴለም» አለች። ቀጥላ ሁለተኛውን ልትል ተዘጋጅታ ነበር። ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ካላችሁ፣ ትንሽ ጎኔን ቢያዩልኝ» ልትል ነበር፤ እኔ አውቃታለሁ። የእርስዎ ቤት ግን አንድ ጊዜ ጠይቆ ሳህኑን አነሣ። ነርሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት አሉ፤ ከደጃችሁ ሁለት መንደር አልፎ ነው ቤቷ። ማታ እቤቷ እንግዳ ቢመጣባት ሦስት ጊዜ ሳትጠይቅ እንደማታሳድር እርግጠኛ ነኝ። ነጭ ልብስ ስትለብስ ግን አንድ ጊዜ እንዲበቃ ታዝዛለች። ጊዜ ስለቆጠባችሁ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ በበሩ ላይ ስለሚቆመው የጥበቃ ሠራተኛ ጨዋታ አመሰግናለሁ። ሰው በሚጨነቅበት ቦታ የሚያስቅ ሰው መቅጠር ትልቅ አስተዋይነት ነው። ልጄ ጎኗን ይዛ ስትገባ «እህት ዓለም፣ በእግርሽ እየተራመድሽ ከመጣሽ ሠርግ ቤቱ ወደዚያ ነው! እኔ እንኳ በዚህ ጉልበቴ ካንቺ የባስኩ በሽተኛ ነኝ» አላት። ሳቀች። እማማ ፖኒራህ «ስትስቅ ጎኗን በሁለት እጇ ደገፈችው» አሉኝ። ከዚያም እማማ ፖኒራህን ቆመው ስላየቻቸው ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«ተቀመጪ አንቺ ልጅ፣ እኔ ልምድ አለኝ» አሏት።

«አይ እማማ፣ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። መቆም አማረኝ።»

«ፊትሽ ግን የሩዝ እጣቢ መስሏል።»

«ፀሐይ ስለማላይ ነው እማማ። ኮሌታ እንጂ ሰማይ አናይም።»

በዚያው ጊዜ ጣቱን በቆርቆሮ የቆረጠ አንድ ሰው ገባ። «ሰው ልትገድሉ ነው! እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታው ሦስት ነርሶችና አንድ ዶክተር ወጡለት። ጣቱ ድኗል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በእውነት ነው የምለው፤ ሰው በጣቱም ቢሆን ሊሠቃይ አይገባውም። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ልጄን ሳታለቅስ ነበር የማጠባት። ስትርባት አይኗ ይነግረኝ ነበር።

አራተኛ፦ ይህ ምስጋና ሳይሆን ማስተካከያ ነው። በደብዳቤዎ ልጄ በቂ ቅሬታ አላሰማችም ብለዋል። እማማ ፖኒራህን ደጋግሜ፣ እንዲያውም እስካታክታቸው ድረስ ጠይቄ የሰማሁትን ልጻፍልዎ። ልጄ ሦስት ጊዜ ጮኻለች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ነርሷ ሄዳ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ውሃ መጠጣት ይፈቀዳል?» አለች። ነርሷም «ውጭ ቧንቧ አለ» አለቻት። ልጄ ጠጥታ ተመለሰች፤ ደግማ ወጥታ ጠጣች፤ ደግማ ወጣች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ «እትዬ፣ ማራገቢያው ይበርዳል ወይስ እኔን ብቻ ነው?» አለች። ሰው ሁሉ በካርዱ ያራግብ ነበር። ነርሷ «አንቺን ብቻ ነው» አለች፤ ትክክል ብላለች። አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ እንደምንም ተነሥታ ሄዳ «ዛሬ ሰው በዛባችሁ፤ ደክሟችኋል እኮ» አለች። ነርሷ ቀና ብላ ፈገግ አለችና «ምን እናርግ ብለሽ ነው» ብላ ወደ መዝገቧ ተመለሰች።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ብዙ ቋንቋ የተማሩ ሰው ስለሆኑ የእናትዎን አነጋገር ረስተውት ከሆነ እኔ ላስታውስዎ። በእኛ ቤት አንዲት ልጅ «ሰው በዛባችሁ፣ ደክሟችኋል» ካለች «እባካችሁ ድረሱልኝ» ማለቷ ነው። ከዚህ በላይ ድምፅ አታወጣም። ይህ የመጨረሻው ጩኸት ነው።

ደግሞም ስለ ሕመሟ ሲጠይቋት «ትከሻዬን ትንሽ» ብላ ነበር። በካርዷ ላይ «ግራ ትከሻ፣ ቀላል» ተብሎ ተጽፏል፤ ቅጂው በእጄ ነው። በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ጣፊያው የተቀደደ ሰው ሆዱ ውስጥ ደም ሲፈስ ግራ ትከሻውን እንደሚያመው፣ ውሃ ውሃ እንደሚለውና እንደሚበርደው አስረዳኝ። ይህንንም ሲነግረኝ አይኔን ማየት አልቻለም፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ እንዳይቆጡት። እንግዲህ ልጄ ምን ቀራት? ትከሻዋን ተናግራለች፣ ጥሟን ተናግራለች፣ ብርዷን ተናግራለች። ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ሴት ስትደምረው አንድ ነገር ይመጣል። በትምህርት የገፋ ሰው ሲደምረው ምን እንደመጣ ማሰሪያው ላይ አለ። አረንጓዴ ነው። ከልብሷ ጋር አጥፋችሁ ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ከሣጥኔ ውስጥ አለ።

አምስተኛ፦ ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። እርስዎን አይመለከትም። ግን ካልጻፍኩት የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

የዚያን ቀን አራት ሰዓት ላይ ደውላልኝ ነበር።

«እማ፣ ካሳቫው ደረቀ?» አለችኝ።

«ገበያ ነኝ ልጄ። ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ምንም። ትከሻዬን ትንሽ አሞኝ ሆስፒታል ወረፋ ይዣለሁ።»

«ወድቀሽ ነው?»

«ትንሽ። ሞተሩ ግን ደህና ነው።»

«ልምጣ እንዴ?»

«አይ እማ፣ ገበያሽን አትፍቺ።»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ምን ማለት እንደሚገባኝ እኔ ራሴ አውቅ ነበር። ልምጣ፣ ብዬ ነበር፤ እሷም አይ፣ ብላለች። ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛ መጠየቅ ነበረብኝ። ሦስተኛ መጠየቅ ነበረብኝ። ጋሽ ዋጊማንን ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ጊዜ የጠየቅሁ ሴት ነኝ። ከፊቴ ግን ደንበኛ ቆሞ ነበር፤ እኔም «እንግዲህ ሰው አታስቸግሪ፤ ወረፋሽን ጠብቂ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ወረፋዋን ጠበቀች። ሰውም አላስቸገረችም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ላይ ጣት ስቀስር ጣቴ ሁለት አቅጣጫ እንደሚያሳይ አውቃለሁ። ልዩነታችን እኔ ማታ ማታ አለመተኛቴ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይቅርታ፣ ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ የእርስዎን እንቅልፍ አላውቅም።

መጨረሻዋን ባጭሩ ልጻፈው። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እየወለወለች ወደ እነሱ ስትደርስ መቆም ደክሟት ወለሉ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ዊጋቲ እግሯን ሰበሰበች፤ ከዚያ ማለፊያ ልትለቅላት ግድግዳውን ይዛ ተነሣች፤ እንደተነሣች በግድግዳው ላይ ተንሸራታ ወረደች። «ይቅርታ እትዬ፣ መንገድ ዘጋሁ» አለች። ከዚህ በኋላ የተናገረችው የለም። ያን ጊዜ ሁሉም እንደሮጡ እማማ ፖኒራህ መስክረዋል። ቃሬዛ መጣ፣ ግሉኮስ መጣ፣ ሦስት ዶክተሮች መጡ፤ ቀይ ማሰሪያም ተገኘ። አሯሯጣችሁ እጅግ ያማረ ነበር አሉ። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ ዘግይቶም ቢሆን ሰው ስለ ልጄ መሮጡን መስማት ደስ ይላል።

አሁን ቤቴ ጸጥ ብሏል። እስከ አርባኛው ቀን ድረስ ጎረቤት አልተለየኝም፤ ከዚያ ሩዝ የሚዘራበት ወቅት ስለመጣ ሁሉም ወደ እርሻው ሄደ፤ ልክ ነው፣ ሩዝ አይጠብቅም። ወንበሮቹም ተመለሱ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመንደሩ «የዊጋቲ እናት» ነበር የምባለው፤ አሁን ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አፋቸውን ይከፍቱና ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ይቸገራሉ። አንዳንዶቹ ይህን ላለመቸገር በሌላ መንገድ ይዞራሉ። አልፈርድባቸውም። አንድ ሲኒ ሩዝ እቀቅላለሁ፤ ለአንድ ሰው ይበዛል። ምግቡን ሳቀርብ ሳላስበው «ብዪ» እላለሁ። «አይ፣ ጠግቤያለሁ እማ» የሚለኝ የለም። እንቢ የሚል ሰው በቤት ውስጥ መኖሩ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዶሮዎቹ አንድ ጊዜ ሲጠሩ ይመጣሉ፤ ዶሮ ይሉኝታ የለውም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ካሣ አይደለም፤ ነርሷም ከሥራዋ እንድትባረር አልፈልግም፤ እሷም የሰው ልጅ ናት።

በመጀመሪያ፣ በልጄ ማኅደር ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ትሰረዝልኝ። «በቂ ቅሬታ አላሰማችም» የሚለው ውሸት ነው። በእሱ ፈንታ ምን መጻፍ እንዳለበት ካላወቁ እነሆ፦ «ታካሚዋ ሦስት ጊዜ ተናግራለች፤ እኛ አንድ ጊዜ ጠየቅን።» ከዚህ አይበልጥም፤ በአንድ መስመር ይገባል።

ቀጥሎም፣ በድንገተኛ ክፍልዎ በር ላይ የሚቆም ሰው «ይይሽ ወይስ ትጠብቂያለሽ?» ብሎ ሲጠይቅና በሽተኛው «ግዴለም» ሲል፣ እንደ ማንኛውም ጨዋ ባለቤት ሁለተኛ ይጠይቅ፤ ሦስተኛም ይጠይቅ። ይህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ሥልጠናም አይሻም። ሁሉም ሠራተኛዎ ከእናቱ ተምሮት መጥቷል። መግቢያ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ አብረው ያወለቁት ስለሚመስለኝ፣ እንዲለብሱት ብቻ ይንገሯቸው።

ጊዜዎን ወስጄ ስላሰለቸሁዎ፣ ልጄም ወንበርዎን፣ ውሃዎንና የወለልዎን መወልወያ ሰዓት ስላጣበበች፣ በድጋሚ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ አላህ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቤትዎ ሰላም፣ በታመሙ ጊዜም ደግሞ ደጋግሞ የሚጠይቅዎ ሰው እንዲሰጥዎ እለምናለሁ።

ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ እጇን በደረቷ ላይ አድርጋ፣
ፓኒየም
የዊጋቲ እናት
ዋቱገዴ፣ የልጄ መቶኛ ቀን ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው

ግልባጭ፦
ለጋዜጣው አንባቢዎች
ለመንደራችን መስጊድ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ጉልበቱን ለሚያመው የሆስፒታሉ ጥበቃ (እግዜር ይማርህ፤ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ግን ጮክ በል)

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ከቢሮዎ አንድ በጣም ትሑት ሰው መጥተው ነበር። ስኳርና ብስኩት ይዘው «ጉዳዩ በቤተሰባዊ መንፈስ፣ በስምምነት ተቋጭቷል» የሚል ወረቀት እንድፈርም ጠየቁኝ። አልፈርምም አልኩ። ፈገግ ብለው ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱና በሳምንቱ ተመለሱ፤ «እትዬ፣ ለእርስዎም ዕረፍት ነው» አሉኝ። አልፈርምም አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት በዝናብ መጡ፤ እስክሪብቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው «በሞቴ፣ ይፈርሙ» አሉኝ። ሦስተኛውን ስለጠየቁኝ ወግ ነውና ልቀበል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። እንግዲህ በሆስፒታልዎ ውስጥ ሦስት ጊዜ መጠየቅ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ ማለት ነው። እባክዎ እኚህን ሰው ከወረቀቱ ሥራ አንሥተው ከድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ያቁሙልን።

ይህን ለምታነቡ፦ ነገ፣ በእኛ ወግ ለሟች የሚጸለይበት፣ መቶኛ ቀኗ ነው። የማታውቋት ልጅ ስለሆነች ዱዓ ለማድረግ ታፍሩ ይሆናል። ስሟ ዊጋቲ ነው፤ ለነፍሷ ፋቲሓ ቅሩላት፤ ሌላ እምነት ያላችሁም በምታውቁት ጸልዩላት። ግዴለም፣ ሌላ ሰው ይጸልያል ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ከሆነ፣ ሁለተኛ እጠይቃችኋለሁ። አሁንም ካመነታችሁ፣ ሦስተኛ፤ በሞቴ።